ከቃርሚያ የቀሩ ሦስት መስመሮች

ጥቅምት 6

ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ይህን ስጽፍ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው «ምን ብለህ ጀመርክ?» ይሉኛል። «ደህና ነን ብዬ» ስላቸው «እሱንማ ማንም ይጽፈዋል» አሉ። አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ቆመው የእርሳስ ፊደል ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸውና የማንም ዓረፍተ ነገር አይጥማቸውም፤ ካንቺ በቀር።

ጋዜጣው ሰኞ ደረሰን። እንደ ልማዳቸው የፊቱን ገጽ ዘለው በቀጥታ ወደ «የሳምንቱ ቃርሚያ» ሄዱ። «እነዚያ አጫጆች ናቸው፤ ትልቅ ትልቁን ወስደዋል። ልጄ ግን ከኋላ ሆና የወደቀውን ትለቅማለች፤ ጣፋጩ እሱ ነው» ይላሉ። ከዚያ በአጉሊ መነጽር እያዩ ጮክ ብለው ያነቡልኛል። የድሮ ሸክላ ዘፈን እየሰበሰበ ለሰፈሩ ሰው በነጻ ስለሚያሰማው ጡረተኛ ፖስተኛ ሲያነቡ ሳቁ። ወንዝ ዳር የተጣለውን ቆሻሻ አንስታ ዛፍ ስለተከለችው አስተማሪ ሲያነቡ «ጎሽ» አሉ። ስለ ቀይ አበባው ሻይና ስለ ደም ግፊት የጻፍሽውን ግን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

እንዲያውም ጠይቅልኝ ብለውኛል። በቀን ስንት ሲኒ ነው? አበባው ትኩሱ ነው የደረቀው? የደረቀው እዚህ ቅመም ተራ ይሸጣል። የግፊት ክኒኑ ምላሳቸውን እንጨት እንዳደረገው ታውቂያለሽ፤ ሊውጡት ሲሉ የሚያሳዩትን ፊት ብታዪ ትስቂያለሽ።

ላንቺ ገጽ የሚሆን ነገርም አግኝቻለሁ። ከቤት ቤት እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ መቼም ከቁጥሩ ወሬው ይበዛል። ከድልድዩ ወዲያ አምስት ሴቶች ከየምግብ ቤቱ የተጠበሰበት ዘይት እየሰበሰቡ ሳሙና ይሠራሉ። ድሮ ያ ዘይት ወንዝ ውስጥ ነበር የሚደፋው። ትልቋን «ሽታውስ?» ብላት «ሽታውን ብታማው አረፋውን አታማውም» አለችኝ። ይህቺን ንግግሯን እንዳትጥያት።

አባባ «ነጠላ ሰረዝን ሰላም በልልኝ» ብለዋል።

ወንድምሽ


ጥቅምት 15

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ጣቶቼ በሙጫ ተጣብቀው ስለነበር ፖስታውን የከፈተልኝ ገጽ አቀናጁ ነው። የገጽ አቀናጁን ጠረጴዛ ብታየው አባባን ታስታውሳለህ። የተተየበው ጽሑፍ በቀጭን ወረቀት እየተቆረጠ ይመጣል፤ እሱ በምላጭ እየከረከመ ሰሌዳው ላይ ይለጥፈዋል፤ ከመስኮቱ ሥር የአውቶቡሶቹ ጋራዥ ስላለ ሞተር በተነሳ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ እሱም ይራገማል። ማክሰኞ ማክሰኞ ገጻችን ሲዘጋ ሁላችንም ቅዳሜ የሚነበበውን ነገር ረስተን የምንጣላው ስለ ሴንቲሜትር ነው።

ለአባባ ንገርልኝ፤ ሁለት ሲኒ ነው፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ። የደረቀው ይሻላል። ስኳር አይገባበትም። ስኳር የሌለው ሻይ የእግር መታጠቢያ ነው ማለታቸው አይቀርም፤ ግን «ልጅዎ ናት ያለችው» በላቸው፤ እሺ ይላሉ።

ሳሙና ሠሪዎቹን ለሚመጣው ሳምንት አስገብቻቸዋለሁ። ንግግሯም አልቀረችም።

ዕረፍት መቼ እንደምወጣ መጠየቅህ አይቀርም። እስከ ጥር የለኝም። ደግሞም ሁለት ቀን በአውቶቡስ መጥቼ ሁለት ቀን አድሬ መመለስ ለአባባ ከመምጣቴ መሄዴ ይብሳቸዋል። ጥር ላይ በወጉ እመጣለሁ።

እኔን ወሬ ስለማልጨርስ ነጠላ ሰረዝ፣ አንተን ሁለት ቃል ተናግረህ ስለምትዘጋ አራት ነጥብ ያሉን ሰውዬ አንተን እንዲህ ረጅም ደብዳቤ ስትጽፍ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር ልል ነበር፤ ለካ አጠገብህ ናቸው።

እህትህ


ኅዳር 10

ለእህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የወሩ ንባብ ሁለት ሰፈር ተደርቦብኝ ነው።

ፖስታው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማስተዋልሽ አይቀርም። አድራሻሽን ሁልጊዜ አባባ ራሳቸው በዚያ የማተሚያ ቤት ፊደል በሚመስል እጃቸው ይጽፉታል እንጂ ለኔ እንደማይተዉት ታውቂያለሽ። ትንሽ አመም አድርጓቸው ነበር። እጃቸው ስለደከመ ነው። አሁን ይሻላቸዋል፤ ይበላሉ፤ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችንም እኔ ሥራ ስውል ብቅ እያለች ታያቸዋለች። የሚያሳስብ ነገር የለም።

የሳሙና ሠሪዎቹ ነገር ከወጣ ወዲህ ከሌላ ከተማ ሰው መጥቶ አያቸው አሉ። ጋዜጣውን ግድግዳቸው ላይ ለጥፈውታል።

ስልክ ለመደወል ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር፤ መስመሩ አልሠራም። አንቺም አትቸገሪ። ደብዳቤ ይበቃል።

ወንድምሽ


ኅዳር 20

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ስድስት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ቃል እንኳ የአባባ የለችበትም። «እንዲህ አሉ» የሚል የሌለበት ደብዳቤ ካንተ ደርሶኝ አያውቅም።

መስመሩ አልሠራም ትላለህ፤ የውሃ መሥሪያ ቤታችሁ ስልክ እኮ ከኔ ጠረጴዛ ሲደወል ይሠራል። ዛሬ ብደውል ባልደረባህ «አባቱን ሊያይ ሄዷል» አለኝ። የት ሊያይ? አንድ ቤት አብሮህ የሚኖርን ሰው «ሊያይ ሄደ» ይባላል?

እባክህ ስላዘንክልኝ አትዋሸኝ። እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው።

እህትህ


ኅዳር 29

እህቴ፣

«እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ።

ጥቅምት 28 ጠዋት ነው። እኔ ለሥራ ወጥቼ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የዕቃ መውደቅ ድምፅ ሰምታ ስትገባ አባባ ፊት መታጠቢያው ሥር ወድቀው አገኘቻቸው። ውሃው ይፈሳል። ፎጣው ትከሻቸው ላይ ነው። ስትሮክ ነው አሉን። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ነበርን። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸው ተይዟል። ሰው ግን ያውቃሉ፤ ሁሉን ይሰማሉ፤ ዓይናቸው የድሮው ዓይን ነው።

ያልነገርኩሽ ሐኪሙ «አሁን የሚደረግ ነገር የለም፤ ጊዜ ነው» ስላለኝ ነው። ከሁለት ቀን መንገድ መጥተሽ የምታዪው ያንን ነው ብዬ ሳሳሁልሽ። አጥፍቻለሁ። ሰው ስለሳሳም ያጠፋል።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ምናልባት አንቺ ታውቂው ይሆናል። ከሆስፒታል በወጣን በሦስተኛው ቀን በግራ እጃቸው ወደ ጋዜጦቹ ክምር አመለከቱ። አንድ በአንድ እያነሳሁ አሳየኋቸው፤ እምቢ፣ እምቢ ይላሉ በራሳቸው። የመስከረም መጨረሻው ላይ ስደርስ ነጠቁኝ። ያንቺን ገጽ ዘረጉና ስለ ቀይ አበባው ሻይ የተጻፈው የሚያልቅበት ላይ ጣታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን እንደ መቀስ ከፈት ዘጋ አደረጉልኝ። መቀስ ፈልገው መስሎኝ የጥፍር መቁረጫውን ባመጣላቸው ወረወሩት። ያን ዕለት እስኪመሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። ተቀዶ እንዲቀመጥላቸው ፈልገው ይሆን? ገጹን እንዳለ ቆርጬ ራስጌያቸው ላይ ለጠፍኩላቸው፤ እሱም አላስደሰታቸውም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 7

ወንድም ጋሼ፣

የፊደል ለቃሚ ምልክት ነው። «እዚህ ላይ ተቆርጧል» ማለታቸው ነው።

ታትሞ የወጣ ገጼን አላነብም፤ ራሴ ያበሰልኩት ምግብ ሽታው እንደሚያስጠላኝ ሁሉ። ደብዳቤህ በደረሰ ቀን ግን ወደ መዝገብ ክፍሉ ወርጄ የመስከረም መጨረሻውን አስወጣሁ። ስለ ቀይ አበባው ስምንት መስመር ወጥቷል። ከሥሩ ጥቅጥቅ ብሎ የፍራሽ ማስታወቂያ ገብቷል። ከዚያ መሳቢያዬን ገልብጬ እኔ የተየብኩትን ወረቀት አገኘሁ። ዐሥራ አንድ መስመር ነው። የቀሩት ሦስቱ እንዲህ ይላሉ፦ «ጥናቱ የተደረገው በአርባ ሰዎች ላይ፣ ለስድስት ሳምንት ብቻ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።»

ወረቀቱን ይዤ ገጽ አቀናጁ ላይ ጮኽኩበት። እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላጩን አስቀምጦ ሰማኝ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለህ? «ቦታ ሲጠብ እኔ ከታች ነው የምቆርጠው። በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ ከታች ነው የሚቆርጠው። ዋናውን ነገር ከታች ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ።»

አባባ ገጹን አይተው ብቻ ያ አንቀጽ ጭራው እንደተቆረጠ ገብቷቸዋል። እኔን ነጻ ሊያወጡኝ ነው ጣታቸውን የከፈቱት የዘጉት። «ልጄ ጽፋው ነበር፤ ምላጭ በላው» ሊሉህ ነው።

ግን ወንድም ጋሼ፣ እሺ የጋዜጣውን ምላጭ በላው። ጥቅምት 15 ላንተ በጻፍኩት ደብዳቤ ላይ ማን ቆረጠብኝ? እዚያ ቦታ አልጠበበኝም። ስለ ስኳር ቀለድኩ። ስለ ክኒኑ አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ክኒኑን አቁመው ነበር?

እህትህ


ታኅሣሥ 16

እህቴ፣

አዎ።

ያ ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት ጀምረው ነው። አበባውን ራሳቸው ቅመም ተራ ሄደው ገዙ። ጠዋት ጠዋት ከንፈራቸው ቀይ ሆኖ ሳያቸው ይስቃሉ። «ምላሴ ተመለሰልኝ፤ የእንጀራ አባት ሆኖብኝ የነበረው ክኒን ለቀቀኝ» ይሉኛል። ሰው ባገኙ ቁጥር «ልጄ የጻፈችው ነው» እያሉ ለልብስ ሰፊዋም ለጫኝና አውራጁም ይነግራሉ።

አሁን አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። የክኒኑን ብልቃጥ እኔ አይቼዋለሁ። ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ነበር። አነሳሁት፤ ከብዶኛል፤ እንዳለ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ምን ብዬ ላቋርጣቸው? ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ እያልኩ አምስት ቀን ሆነ። ሥራዬ ቁጥር አይቶ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። የራሴን ቤት ቁጥር አየሁትና ዝም አልኩ።

ስለዚህ ብቻሽን አትሸከሚው። ኋላ ቀርተሽ እንዳትለቅሚው፤ እኩሌታው የኔ ነው።

አሁን ነይ። አትምጪ ያልኩሽን ተዪው።

ወንድምሽ


ጥር 12

ወንድም ጋሼ፣

በደህና ገባሁ። መናኸሪያው ላይ ሳንሳሳም በመለያየታችን ሁለቱንም ቀን መንገድ ላይ ሲያንገበግበኝ መጣ። አንተም ጀርባህን ስትሰጠኝ እኔም መስኮቱን ስዘጋ፣ አባባ ቢያዩን ምን ይሉን ነበር?

አባባን ያጠብኩባቸውን እነዚያን ዐሥር ቀናት ለማንም አላወራሁም፤ እዚህ ሰው «እንዴት ነበሩ?» ሲለኝ «ተሽሏቸዋል» እላለሁ። ካንተ ነው የተማርኩት።

የተጣላንበትን ነገር፣ የማረሚያውን ነገር ግን ልተወው አልቻልኩም። ያ ገጽ ስንት ቤት እንደሚገባ አንተ አታውቅም። እንደ አባባ የሚያምነኝ ስንት ሽማግሌ አለ? ዋና አዘጋጁን ማረሚያ ይውጣልኝ ብላቸው «ምን የተሳሳተ ነገር አትመን ነው የምናርመው? ያልተጻፈ ነገር አይታረምም» አሉኝ። ገጼን አላስረክብም ብዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጡ። «ከሆነ በስምሽ፣ በራስሽ ገጽ፣ ያባትሽን ነገር ጻፊው። ግን ቤተሰብሽ ይስማማ። ነገ ወንድምሽ መጥቶ ቢጮህብኝ አልሰማም» አሉ።

አንተ «አባባን የጋዜጣ ወሬ ልታደርጊያቸው ነው?» ብለኸኛል። ስማቸውን አልጠራም። ከተማውን አልጠራም። ግን «አንድ ሰው» ብዬ ከጻፍኩ ማንም አያምነኝም። «አባቴ» ማለት አለብኝ።

አንተ እምቢ ካልከኝ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሌላም ነገር የምጽፍ አይመስለኝም።

እህትህ


ጥር 21

እህቴ፣

የኔ ባልሆነ ነገር እሺም እምቢም ማለት አልፈለግሁም። ስለዚህ አባባን ራሳቸውን ጠየቅኋቸው።

እሁድ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሦስቱን መስመሮች አነበብኩላቸው። ብልቃጡን ማየቴንም ነገርኳቸው፤ እሱን ስናገር እሳቸውን ማየት አቅቶኝ የግቢውን ቧንቧ ነበር የማየው። ስጨርስ ግራ እጃቸው ጉልበቴ ላይ ነበር። መቼ እንዳስቀመጡት አላወቅሁም።

«ትጻፈው ወይስ ትተወው?» አልኳቸው። እርሳስ ጠየቁ። በግራ እጃቸው መጻፍ ከጀመሩ ወዲህ አንድ ፊደል ለመጨረስ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ያን የመሰለ እጅ የነበረው ሰው፣ እንደ ሕፃን። ሦስት ፊደል ነው የጻፉት። «ከላይ» ይላል።

ሰማዩን ማለታቸው ይሆን፣ ከላይ ያለውን ፈጣሪ ማለታቸው ይሆን ብዬ ብጠይቃቸው ዓይናቸውን ወደ ላይ ገለበጡ፤ ድሮ ፊደል ገልብጠን ስናነብላቸው የሚያደርጉትን ታስታውሻለሽ? እንደዚያ። አንቺ ይገባሽ ይሆናል ብዬ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

እኔም አኩርፌ አይደለም። ፈርቼ ነው። ጻፊው።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ወንድም ጋሼ፣

ገብቶኛል። ወረቀቱን ለገጽ አቀናጁ ሳሳየው እሱም ወዲያው ገባው። ከላይ አስቀምጪው ነው ያሉኝ። ማንም ምላጭ ከማይደርስበት።

ቅዳሜ ወጣ። መጀመሪያው መስመር «መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ» ይላል፤ ሁለተኛው «አባቴ በኔ ጽሑፍ አቋርጠው ነበር» ይላል። ሌላውን ታነበዋለህ።

ደብዳቤ እየመጣ ነው። እስከ ትናንት ሠላሳ አንድ ደርሷል። አንዲት ሸማኔ «ክኒኔን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር፤ አወጣሁት» ብላ ጽፋለች። አንድ ጡረተኛ መምህር ሰድበውኛል፤ ፊደሉ ሁሉ የተስተካከለ ስድብ ነው። አንድ ሰው ደግሞ ሻይውን ወድጄዋለሁ፣ ክኒኑንም ወድጄዋለሁ፣ ሁለቱን አታጣይብኝ ይላል። እሱን ሳነብ ስቄያለሁ።

አንዱ ግን ሁለት መስመር ነው። የጫማ ሰፊ ሚስት ናት። «ባሌ ጥቅምት ውስጥ ሞተ። እሱም ያንን ገጽ አንብቦ ነበር» ትላለች። አድራሻዋን በትክክል ጽፋለች። ሌላ ምንም የለበትም፤ ስድብም የለበትም። ሰድባኝ በሆነ።

አድራሻው ከዚህ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው። እስካሁን አልሄድኩም። ልነሳ እልና ሌላ ደብዳቤ እከፍታለሁ።

አባባ ገጹን ሰሙት? ንገረኝ።

እህትህ


የካቲት 27

እህቴ፣

ከቀብሩ በኋላ አንቺን ከሸኘሁ ጀምሮ ቤቱ የሌላ ሰው ቤት መስሎኛል። ልብስ ሰፊዋ አሁንም ጠዋት በር ታንኳኳና «ልያቸው» ልትል ስትል ታስታውሳለች። ከዚያ እንዲሁ ቆመን ስለ ውሃ እናወራለን።

እዚህ ሳለሽ ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰው ገብቶ አቋረጠን፤ እኔም መቋረጡን ወድጄው ነበር። አባባ ያንን ገጽ ሰምተዋል ወይ? አሁን እመልስልሻለሁ፤ አልዋሽሽም፤ መዋሸት ሰለቸኝ። ጋዜጣው በደረሰ ሰኞ አጠገባቸው ተቀምጬ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ሲሰሙ ዓይናቸው ክፍት ነበር። ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በማግስቱ ልድገመው ስል ትኩሳቱ ጀምሯቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን አይተናል።

ሁሉንም ሰምተው፣ ፈገግ ብለው፣ እጄን ጨብጠው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንደዚያ አልነበረም። ደክሟቸው ተኙ።

ያቺ ሴትዮ ጋ ሄድሽ?

ወንድምሽ


መጋቢት 8

ወንድም ጋሼ፣

እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። አነበብኩትና አለቀስኩ፤ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሄድኩ። ሐሙስ ጠዋት ነው። ቤቷ ደረጃ ተወጥቶ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ በሩ ክፍት ነበር። ከፊት ክፍሏ ግድግዳ ላይ ጫማ የሚወጠርባቸው የእንጨት እግሮች ተሰቅለዋል፤ ትልቅም ትንሽም፣ የሰው ሁሉ እግር። የቆዳና የማስቲሽ ሽታ እንዳለ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ በኔ ዕድሜ ትሆናለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አልተገረመችም። «ጋዜጣዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝና ወንበር ሰጠችኝ። የሱ ወንበር ነበር፤ መቀመጫው በሱ ልክ ጎድጉዷል።

ሦስቱ መስመሮች ያሉበትን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር የሄድኩት። ጽፌው ነበር፣ ተቆርጦብኝ ነው ልላት። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቦርሳዬን መክፈት አቃተኝ። አላወጣሁትም። አሁንም እዚያው አለ።

«ባሌ ሰው የሚያምን አልነበረም» አለችኝ። «ጎረቤት ቢመክረው አይሰማ፣ እኔ ብነግረው አይሰማ። የተጻፈ ነገር ካየ ግን በቃ። "ይኸው ተጽፏል" ይለኛል። ተጽፏል ካለ ክርክር የለም።» ይህን ስትል አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ «አሁን ምን እንዳደርግልሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ይቅር እንድትለኝ ነው የመጣሁት ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ይቅርታ ብጠይቅም እሷ የመስጠት ግዴታ እንደሌለባት የገባኝ እዚያ ነው። «ምንም እንድታደርጊልኝ አይደለም፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ንገሪኝ ብዬ ነው» አልኳት።

መጀመሪያ አልፈለገችም። ተነስታ ዕቃ አነሳች፣ መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ቆማ ጀመረችና ኋላ ተቀመጠች። የሠራውን ጫማ መንገድ ላይ ሲያይ ሰውየውን አስቁሞ ክሩን እንደሚያይ ነገረችኝ። ለሠርጋቸው የሠራላት ጫማ ጠቦባት ቀኑን ሙሉ በህመም እንደሳቀች፣ እሱ ግን እስኪሞት እንዳላወቀ ነገረችኝ። ሲቆጣ በስልቻ ውስጥ ያለ ድመት ይመስል ነበር አለች፤ ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እሷን መሳቋ አሳፈራት። እስከ ምሳ ሰዓት አወራችኝ። እኔ አንዲት መስመር አልጻፍኩም፤ ደብተር አልያዝኩም ነበር።

ስለ አባባ አልጠየቀችኝም፤ ማንበቧን ግን አውቄያለሁ። ልወጣ ስነሳ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«በሚመጣው ሳምንትም ትጽፊያለሽ?» አለችኝ።

«እጽፋለሁ» አልኳት።

«እንግዲያስ ተጠንቀቂ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እህትህ